ጠመኔ የሚነሳበት ቦታ

የታንጀንት ግራፍ ሰሌዳ ላይ ሲሳል ያየ ሰው፣ አስተማሪው ኩርባውን ወደ ላይ ገፍቶ ገፍቶ ከአሲምቶቱ አጠገብ ሲደርስ ጠመኔውን እንደሚያነሳ ያውቃል። ያነሳና ከነጠብጣቡ መስመር ማዶ፣ ከሰሌዳው ግርጌ እንደገና ይጀምራል። ለኔ የትምህርቱ እምብርት ያቺ ማንሳት ናት። ፈንክሽኑ እዚያ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም፤ የሌለውን ደግሞ አንስልም። ኮምፒውተር ግን ካልተነገረው በቀር እጁን አያነሳም። ስለዚህ እኩልዮሽ የሚስል ነጻ ሶፍትዌር የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሲመጣ፣ ስለ ቀለሙና ስለ መልኩ ከማውራታችን በፊት ታንጀንትን አስገብቶ እንዲያየው እነግረዋለሁ።

እዚህ የደረስኩት አንድ ክረምት ሙሉ ተንከራትቼ ነው። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ቱቶሪያል እንሰጥ ነበር። ራሽናል ፈንክሽን ጀምረናል፣ ከዚያ ትሪጎኖሜትሪ ይከተላል። ከኮምፒውተር ክፍሉ ፕሮጀክተር ለምነን አስመጣን፤ ኤክስቴንሽን ከጎረቤት ክፍል ተዘረጋ፤ መስኮቱ በካርቶን ተሸፈነ። ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ ላፕቶፔ ላይ ለሙከራ የተሰጠኝ ውድ ሶፍትዌር ጊዜው አለቀና ካልገዛህ አልከፈትም አለ። ዋጋው በዶላር ነው። ክፍያው ደግሞ በውጭ አገር የባንክ ካርድ ስለሆነ ገንዘቡ ቢኖረኝ እንኳ መክፈያ መንገድ የለኝም። ያን ዕለት በጠመኔ አስተማርኩ።

የፊዚክስ አስተማሪያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ችግሬን ሰምተው ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። «ይኸው ክራክ የተደረገው አለልህ፣ ጫነው» አሉኝ። ደግነታቸውን አውቃለሁ። ፍላሹ ሲሰካ ግን ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረዋል፤ ብዙ መሥሪያ ቤትና ብዙ ፎቶ ኮፒ ቤት ያዳረሰው ያ ቫይረስ ነው። ቫይረሱን ማጥፋት ይቻላል፣ አጠፋነውም። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን አልፈለግሁትም ነበር፤ ለጋሼም ምክንያቴን ነገርኳቸው። አንድ ሶፍትዌር ክፍል ውስጥ ካሳየሁ፣ ማታ ቤቱ ሄዶ ሊሞክረው የሚፈልግ ተማሪ «ቲቸር፣ ለኔም ስጡኝ» ይላል። የምሰጠው ነገር የሰው ንብረት ተሰብሮ የተወሰደ ከሆነ፣ ከሒሳቡ ጋር ሌላም ነገር እያስተማርኩት ነው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ፈልግ፣ ሞልቷል ይባላል» አሉ።

በእርግጥም ሞልቷል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ኔትወርኩ በፈቀደልኝ ሰዓት፣ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አወረድኩ። ቀላል ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል፣ ግራፎቹም በደማቅ ቀለም ያምራሉ። በማግስቱ ፕሮጀክተሩ በራና ታንጀንትን ጻፍኩ። ከመነሻው ግራና ቀኝ እስከ 10 ድረስ ባለው ስፋት ውስጥ ኩርባው በስድስት ቦታ መቋረጥ ነበረበት። ፕሮግራሙ በስድስቱም ቦታ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ ያውም በዚያው በኩርባው ቀለም። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ቀጥ ብሎ የቆመው ግራፉ ነው ወይስ አሲምቶቱ?» ሲል ጠየቀ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ክረምት አልሰማሁም። መልሱ ሁለቱም አይደለም ነው። ግራፉ አይደለም፣ ምክንያቱም ቀጥ ያለ መስመር ለአንድ ኤክስ ብዙ ዋይ ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ፈንክሽን አይደለም። አሲምቶቱም አይደለም፣ ምክንያቱም አሲምቶቱን እንዲስል ያዘዘው የለም። መስመሩ የፕሮግራሙ አሠራር የተወው ምልክት ነው። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት የፕሮግራሙን ሆድ መክፈት ያስፈልጋል፤ እኔም የዚያን ዕለቱን ትምህርት ወደ ጎን ትቼ ከፈትኩት።

ግራፍ የሚስል ፕሮግራም ኩርባ አያውቅም። የሚያውቀው ነጥብ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በእኩል ርቀት ኤክሶችን ይመርጣል፣ ለእያንዳንዱ ዋዩን ያሰላል፣ ከዚያ ጎረቤት ነጥቦችን በአጭር ቀጥታ መስመር ያያይዛል። ነጥቦቹ ሲበዙ አጫጭሮቹ መስመሮች ለዓይናችን ኩርባ ይመስላሉ። ታንጀንት ላይ፣ ኤክስ ከ1.57 ትንሽ ሲያንስ ዋዩ ወደ ላይ እጅግ ይርቃል፤ ትንሽ ሲበልጥ ወደ ታች እጅግ ይርቃል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ክፍተት ፕሮግራሙ አላየውም፤ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ብቻ አያያዛቸው። ጥሩ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይጠራጠራል፦ ዋዩ በአንዴ እንዲህ ከዘለለ መካከሉን ልመርምር ይላል፣ ተጨማሪ ነጥቦች ያሰላል፣ ካልተስማማው ይቆርጠዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። ከመነሻው ግራና ቀኝ እስከ 10 ባለው ስፋት 100 ነጥቦች ብቻ ወስደን የ31 ኤክስን ሳይን እንሳል። እውነተኛው ሞገድ በዚያ ስፋት ውስጥ 99 ጊዜ ያህል ሙሉ ዙር ይወጣል ይወርዳል። በ100 ነጥብ ሲሳል ግን የሚታየው ከግራ ታች ተነስቶ ወደ ቀኝ ላይ የሚወጣ፣ ቀጥ ሊል ጥቂት የቀረው፣ አንድ ለስላሳ መስመር ነው። ነጥቦቹ የሚያርፉት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ተቀራራቢ በሆነ ርቀት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሞገዱን የሚያገኘው ካለፈው ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ባለ ቦታ ላይ ነው። በመካከል ያለው መውጣትና መውረድ ሁሉ ሳይታይ ያልፋል። ነጥቦቹ አንዳቸውም ስህተት የለባቸውም፤ ሁሉም በትክክል ኩርባው ላይ ያረፉ ናቸው። ስዕሉ ግን ከፈንክሽኑ ጋር አይተዋወቅም። ይህን ምሳሌ ለተማሪዎች ባሳየሁ ቁጥር ክፍሉ ይረበሻል፤ መረበሹን እወደዋለሁ፤ በስክሪን ላይ ያዩትን ሁሉ ማመን እዚያ ላይ ይቆማል።

100 ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶማስ ዊልያምስና ኮሊን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት ኑፕሎት የተባለው ሶፍትዌር፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚወስደው 100 ነጥብ ነው። ኑፕሎት የሚጫን ቁልፍ፣ የሚጎተት ስዕል የለውም። ባዶ መስኮት ይከፈታል፣ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ግራፍ ይመጣል። ከዕድሜው የተነሳ ይመስላል በጣም ደካማ በሆነ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሮጣል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። መጀመሪያ ላይ ተማሪን ያስፈራል። ለኔ ግን በፍለጋው ሁሉ ትልቁን ደስታ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ምንም አይደብቅም። ነጥቦቹን 5000 አድርግ ስትለው ያደርጋል፣ የ31 ኤክስ ሳይንም እውነተኛ መልኩን ያሳያል። ነጥቦቹ እንዲህ ከበዙ በኋላ ታንጀንት ላይ ደግሞ የማቆሚያ ትእዛዙ ይህ ነው፦ ዋዩ ከ20 በላይ ወይም ከኔጋቲቭ 20 በታች ከሄደ 1/0 በል። አንድን ለዜሮ ማካፈል! ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን አይቻልም እያልን የምናስተምረው ነገር፣ ኑፕሎት ውስጥ «እዚህ ላይ ምንም የለም፣ እጅህን አንሳ» ማለት ነው። ተማሪዎቹ በየተራ እየመጡ ጻፉት፤ ስድስቱ ቀጥ ያሉ መስመሮችም ከስክሪኑ ላይ ጠፉ።

ኑፕሎት የሚጽፈውን ሰው ያስጠነቅቃል ብዬ ግን አልዋሽም። ለኤክስ ካሬ የሚጻፈው ሁለት ኮከብ ነው። 1/3 ብለህ ብትጽፍ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ውጤቱን ሙሉ ቁጥር አድርጎ ዜሮ ይሰጥሃል። የኤክስን ኪዩብ ሩት በኤክስ ፓወር 1/3 ካዘዝከው፣ ኤክስ ፓወር ዜሮ ሆኖ 1 ላይ የተዘረጋ አግድም መስመር ይወጣል። መጻፍ ያለበት 1.0/3 ነው። ይህም ሲስተካከል ሌላ ነገር ይመጣል፦ የግራው ግማሽ ባዶ ነው። ለኔጋቲቭ ኤክስ ኑፕሎት የሚያገኘው መልስ ኮምፕሌክስ ቁጥር ስለሆነ አይስለውም።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ረጅም ክርክር ገጠምን። ተማሪው የኔጋቲቭ 8 ኪዩብ ሩት ኔጋቲቭ 2 መሆኑን ተምሯል፤ እውነትም ነው። ዴስሞስ የተባለው ሶፍትዌር ይህንኑ ኤክስ ፓወር 1/3 ሲሰጡት ግራውንም ቀኙንም ይስላል። ጋሼ «ዴስሞስ ትክክል ነው፣ ያኛው ጎድሏል» አሉ። እኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፤ የተለያዩት በፍቺው ላይ ነው። አንዱ የሪል ቁጥር ሩትን ይወስዳል፣ ሌላው ፓወርን በኮምፕሌክስ ቁጥር ሕግ ይተረጉማል። ሶፍትዌር ስንመርጥ ሳናውቅ ፍቺም አብረን እንመርጣለን። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ዴስሞስ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ይስማማል፤ ኢንጂነሪንግ ለገባው ልጅ ግን ያ ባዶ ግማሽ ምክንያቱ ቢገባው ይጠቅመዋል። ጋሼ እስከ ዛሬ አልተስማሙልኝም።

ዴስሞስን ካነሳሁት ዘንድ ጥቂት ልበል። ኢላይ ሉበሮፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የመሠረተው ነው፤ በብራውዘር ይሠራል፣ ለስልክም አፕ አለው፣ አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ግራፍ ይስላል። ውጭ አገር ለመማር የኤስ ኤ ቲ ፈተና የሚወስዱ ልጆቻችን በዲጂታሉ ፈተና ውስጥ አብሮ ተገጥሞ ያገኙታል፤ አስቀድመው ቢለምዱት ሰዓት ይቆጥባል። ለኔ ግን ትልቁ ነገሩ ሌላ ነው። ኤክስ ካሬ ሲቀነስ 1፣ ለኤክስ ሲቀነስ 1 ሲካፈል፣ ተቃሎ ኤክስ ሲደመር 1 ይሆናል፤ ኤክስ 1 ሲሆን ግን ቀዳዳ አለው። ብዙ ፕሮግራም ሙሉ ቀጥታ መስመር ስሎ ያልፋል፤ አንዲት ነጥብ ከነጥቦቹ መካከል ካልገጠመችው ከየት ያውቃታል? ዴስሞስ መስመሩን ነክተህ እዚያ ነጥብ ላይ ስትደርስ ባዶ ክብ ያሳይሃል፣ ዋጋ የለውም ይልሃል። የፈተና ጥያቄ ዘወትር የሚወጣባት ቀዳዳ ናት።

ስልክ የሌለው ተማሪ ግን አለ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ ኢንተርኔት የላቸውም፣ ፕሮግራም ለመጫንም የሚጠይቁት ፓስወርድ የሚገኘው ፈቃድ ላይ ባሉ ሰው እጅ ነው። እዚያ ያዳነን ጂኦጀብራ ነው። ማርኩስ ሆሄንቫርተር የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ዛልስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቱ አድርጎ የጀመረው ሶፍትዌር ነው። ክላሲክ 5 የሚባለው ዓይነት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ የሚከፈት ቅጂ አለው። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩን ገልብጠን ከፈትነው፣ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ሠራ። ታንጀንትን በሚገባ ቆረጠው። ተንሸራታች ቁልፍም ይሰጣል፦ በኤ ኤክስ ካሬ ውስጥ ያለውን ኤ በማውዝ ወዲያና ወዲህ ስትስበው ፓራቦላው እየጠበበ፣ እየሰፋ፣ ዜሮ ላይ ሲደርስ ጠፍጣፋ መስመር ሆኖ፣ ኔጋቲቭ ሲሆን ተገልብጦ ይታያል። ይህን በጠመኔ ማሳየት አይቻልም፤ ሃያ ፓራቦላ ብደራርብ እንኳ እንቅስቃሴውን አላገኘውም።

ጂኦጀብራ በነጻ የሚሰጠው ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባይጁስ የተባለው የህንድ የትምህርት ኩባንያ ገዝቶታል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ የሚሠራልህን ቅጂ በፍላሽ ይዘህ አስቀምጥ ለማለት ነው። ዛሬ በነጻ የሚገኝ ነገር ነገ ባለቤቱ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ኮዱ ክፍት የሆነ ነገር ግን አንዴ እጅህ ከገባ የሚወስድብህ የለም። ኑፕሎትን ከጂኦጀብራ ጎን ያስቀመጥኩት ለዚህም ጭምር ነው።

እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ማን እንደሠራቸው ሳነብ ብዙ ጊዜ አመሸሁ። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ ያስተምር የነበረው ሪቻርድ ፓሪስ፣ ዊንፕሎት የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ለማንም በነጻ ሰጥቷል፤ የክፍል አስተማሪ ነበር፣ እንደኔና እንደ ጋሼ። ጆን ሃንተር ደግሞ የአንጎል ተመራማሪ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ለማየት የሚበጅ መሣሪያ ሲያጣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ማትፕሎትሊብ የተባለውን የግራፍ መሳያ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ አወጣው፣ በ2012 በሞት ተለየ። ዛሬ በዓለም ላይ ስንት ጥናታዊ ጽሑፍ የእሱን ግራፍ እንደያዘ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? ሰዎቹ ለራሳቸው ሥራ የቸገራቸውን ነገር ሠርተው ለሌላው ማካፈላቸው ልቤን ይነካዋል። ማትፕሎትሊብ ላይ በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግ ሰው አብሮት የሚመጣው ፊደል የግዕዝ ሆሄያት ስለሌሉት ባዶ ሳጥኖች ይታዩታል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭኖ በስም ካዘዘው ይስተካከላል። ፓይተን ለሚማሩ ልጆች ከሁሉ አስቀድሜ የማሳያቸው ይህን ነው።

ወረቀት ሌላ ጣጣ አለው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚወስዱት ግራፍ ቀይና ሰማያዊ ከሆነ በኮፒው ላይ ሁለቱም አመድማ ይሆናሉ፤ የትኛው ፈንክሽኑ፣ የትኛው አሲምቶቱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ አንዱን ሙሉ፣ አንዱን ቁርጥራጭ መስመር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጂኦጀብራም ኑፕሎትም ይህን ያደርጋሉ። ግራፉም በፒዲኤፍ ቢወጣ ሲያሳድጉት አይደበዝዝም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት ተማሪ ዋይን ለብቻው ማውጣት የማይቻልበት እኩልዮሽ እንዴት እንደሚሳል ጠየቀችኝ። ኤክስ ኪዩብ ሲደመር ዋይ ኪዩብ እኩል ይሆናል 3 ኤክስ ዋይ አልኳት። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1638 ታንጀንት መስመሮቹን እንዲያገኝለት ፌርማን የፈተነበት ኩርባ ነው። ጂኦጀብራ ላይ ጻፈችው፦ በመጀመሪያው ኳድራንት አንድ ቀለበት፣ ከመነሻው ነጥብ ወደ ግራና ወደ ታች የሚዘረጉ ሁለት ክንዶች። «ዋይ ካልታወቀ ነጥቦቹን ከየት አመጣቸው?» አለች።

ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጪ አልኳት። በ1 እና 1 ላይ ስታሰይው ኔጋቲቭ 1 ይመጣል፤ በ2 እና 2 ላይ ፖዘቲቭ 4። ምልክቱ ከተቀየረ ኩርባው በመካከል አልፏል ማለት ነው። ገጹን በትንንሽ ካሬ ከፍለሽ የእያንዳንዱን ማእዘን ምልክት ብታገኚ፣ ምልክት በሚቀየርበት ጎን ሁሉ ኩርባው ይገባል ወይም ይወጣል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚከተሉት ዘዴ ይህ ነው።

በማግስቱ ካሬ ደብተሯን ይዛ መጣች። መነሻ ነጥቡን በአንድ ካሬ መሃል አድርጋ፣ ማእዘኖቹን ሁሉ በካልኩሌተር አስልታ፣ ፕላስና ማይነስ ሞልታ፣ ቀለበቱን በእጇ አውጥታዋለች። አንድ ካሬ ግን ባዶ ትታለች፤ የመነሻውን ነጥብ የያዘውን። ማእዘኖቹ ዙሪያውን ማይነስ፣ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ ናቸው። አራቱም ጎኖች ላይ ምልክቱ ይቀየራል፤ አራት መግቢያ አለ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚያያዝ ግን ምልክቶቹ አይናገሩም። ሁለቱንም መንገድ በእርሳስ ሞክራዋለች። በአንዱ ቀለበቱ ተዘግቶ ለብቻው ይቀራል፣ ሁለቱ ክንዶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በሌላው መስመሩ ራሱን ሳይነካ ቀለበቱን ዞሮ ይወጣል። እውነተኛው ኩርባ ደግሞ ሁለቱንም አያደርግም፤ መነሻው ነጥብ ላይ ራሱን ያቋርጣል።

«ታዲያ ሶፍትዌሩ የቱን ይመርጣል?» አለችኝ። ጋሼ ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉና ካሬዋን በጥፍራቸው ነኩ። ቅዳሜ ያሉንን ፕሮግራሞች ሁሉ ከፍተን፣ ያቺን አንዲት ካሬ እያጎላን፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ በደብተሯ ላይ ልንመዘግብ ተስማማን።